ቁጥር የሌለው ካሊፐር፦ ከቁርጥራጭ ብረት የቶርኖ መለኪያ አሠራር

አራት የበርጩማ እግር በቶርኖ ያወጣ ሰው ጣጣውን ያውቀዋል። የመጀመሪያው እግር የቱንም ያህል ቢያምር፣ የቀሩት ሦስቱ እሱን ካልመሰሉ በርጩማው ሲቆም ጉዱ ይወጣል። ዓይን ልዩነቱን ወዲያው ያያል፤ እንጨቱ ማሽን ላይ እያለ ግን በዓይን ብቻ ማመሳሰል አይቻልም። ማስመሪያ ክብ ነገር ላይ አይቀመጥም። ሜትርም ዙሪያውን ይነግርዎታል እንጂ ውፍረቱን አይነግርዎትም።

በየሱቁ የሚሸጠው ባለ ቁጥር ካሊፐር ለብረት ሥራ ጥሩ ነው፤ ለእንጨት ቶርኖ ግን ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ 15 ሳንቲ ሜትር የሚከፈተው የተለመደው ዓይነት መንጋጋው የሚረዝመው 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ውፍረቱ ከ8 ሳንቲ ሜትር ያለፈ እንጨት ሲመጣ ጫፉ የእንጨቱ ወገብ ላይ አይደርስም። ሁለተኛ፣ የመንጋጋው ማዕዘን ስለታም ስለሆነ እንጨት ይቧጭራል፤ የሚዞር እንጨት ከነከሰውማ ከእጅ ነጥቆ ይወረውረዋል።

ቶርኖ ላይ የሚያስፈልገው ሁለት ቀጫጭን ቀስት የመሰሉ እግሮች ያሉት፣ በአንድ ብሎን የተያያዘ ካሊፐር ነው። ቁጥር የለውም፤ ሥራው ማወዳደር ብቻ ነው። ከናሙናው እግር ላይ ውፍረቱን ይይዛል፣ ያንኑ ውፍረት ይዞ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ፈረንሳዊው ፒየር ቨርኒየር በዛሬው ካሊፐር ላይ የምናየውን የክፍልፋይ ማንበቢያ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1631 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ የቶርኖ ሰዎች ተመሳሳይ ምሰሶና እግር ያወጡት በማወዳደር ነበር።

እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከወዳደቀ ብረት በግማሽ ቀን መሥራት ይቻላል። ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የካሊፐሩ ጥራት ያለው መጋጠሚያውና ጫፉ ላይ ነው። እግሮቹ ትንሽ ቢንጋደዱ ልኩ አይዛባም። መጋጠሚያው ከላላ ወይም ጫፉ ካልተስተካከለ ግን የቀረው ውበት ምንም አይረባም። ስለዚህ ጊዜዎን እዚያ ላይ ያውሉ።

የሚያስፈልግዎት

• 20 በ12 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ውፍረቱ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ
• አንድ ባለ 6 ሚሊ ብሎን፣ ሁለት ዳዶ፣ ሁለት ሮንዴላ
• ከተጣለ ጀሪካን የተቆረጠ ፕላስቲክ
• ሞርሳ፣ ሴጌቶ፣ ጠፍጣፋና ግማሽ ክብ ሞረድ
• ትራፓኖ፣ ባለ 3 እና ባለ 6 ሚሊ ፑንታ፣ ለመፈተኛ ደግሞ ባለ 10 ሚሊ ፑንታ
• መዶሻና ጫፉ የሾለ የብረት መምቻ፣ ሹል ሚስማር፣ ፒንሳ፣ 10 ቁልፍ
• ሻካራና ለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት፣ የመስታወት ቁራጭ
• ወፍራም ካርቶን፣ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ስፋቱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ የምግብ ሳህን
• የዓይን መከላከያ መነጽር

1. ብረቱን መምረጥ

አዲስ አበባ ካሉ መርካቶ ምናለሽ ተራ ጎራ ቢሉ ለዚህ የሚሆን ቁራጭ አያጡም። ሌላ ከተማ ከሆኑ የበርና መስኮት ብየዳ ቤቶች ደጃፍ ላይ የሚጣለው የላሜራ ቅራፊ ይበቃል። የአሮጌ ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን አካል አይሆንም፤ በጣም ስስ ነው። የቤት ክዳን ቆርቆሮም እንደዚሁ። የዘይት በርሜል ብረት አብዛኛውን ጊዜ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በእጅ ሲጫኑት ይለመጣል፤ የሚለመጥ እግር ደግሞ ልኩን ይደብቃል። በሁለት እጅዎ ይዘው ለማጠፍ ሲሞክሩ የሚያስቸግርዎትን ይምረጡ።

አሮጌ የእጅ መጋዝ ካለዎት ብረቱ ጠንካራና ቀጥ ያለ ነው፤ ቢገፉት ወደ ቦታው ይመለሳል። ችግሩ ፑንታ አይበሳውም። ከሰል ላይ አድርገው ቀይ እስኪሆን ካጋሉት በኋላ አመድ ውስጥ ቀብረው ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ይተዉት። ውኃ ውስጥ እንዳይከቱት፤ መልሶ ይጠነክራል። በማግሥቱ ሞረድም ፑንታም ይሠራበታል።

ነጭ ዚንክ የተቀባ ብረት ግን እሳት ውስጥ አያስገቡ። ዚንኩ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል።

2. ቅርጹን በካርቶን ማውጣት

ካርቶኑ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። አንዱ ጫፍ የብሎኑ ቀዳዳ መሐል፣ ሌላው ጫፍ እንጨቱን የሚነካው የእግሩ አፍ ነው። አሁን ሳህኑን ይድፉና ጠርዙ ሁለቱንም ነጥቦች እንዲነካ አድርገው ዙሪያውን በእርሳስ ይከተሉ። ሳህኑ በትክክል 25 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ኩርባው መሐል ላይ ከቀጥታው መስመር በ2.5 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ይህ የእግሩ ውስጠኛ ጠርዝ ነው።

ኩርባው የሚያስፈልገው እንጨቱ ክብ ስለሆነ ነው። እግሩ ቀጥ ያለ ቢሆን ጫፉ ወገቡ ላይ ሳይደርስ የእግሩ ጎን ከእንጨቱ ሆድ ጋር ይጋጫል። በዚህ ልክ የተሠራ ካሊፐር እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን እንጨት ያለ ችግር ያቅፋል፤ ለበርጩማ፣ ለአልጋና ለረከቦት እግር ከበቂ በላይ ነው።

ቀጥሎ ውጪኛውን ጠርዝ ይሳሉ። መሐል ላይ የእግሩ ስፋት 12 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ወደ አፉ ሲሄድ እየቀጠነ 5 ሚሊ ሜትር ላይ ይድረስ። የቀዳዳውን ነጥብ መሐል አድርገው 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሳሉ፤ መጋጠሚያው ይህ ነው። ክቡን አያሳንሱት። ሁለቱ ብረቶች የሚፋተጉበት ቦታ ሰፊ ሲሆን ካሊፐሩ የያዘውን ልክ አይለቅም።

ካርቶኑን ቆርጠው ላሜራው ላይ ያስቀምጡና በሹል ሚስማር ዙሪያውን እየጫሩ ሁለት ጊዜ ይሳሉ። እግሮቹን ጀርባና ሆድ አድርገው ካስጠጓቸው ብረት ይቆጥባሉ።

3. መብሳትና መቁረጥ

መጀመሪያ ይብሱ፣ ከዚያ ይቁረጡ። ሰፊ ላሜራ በሞርሳ ማሰር ከቀጭን እግር ይልቅ ይቀላል። የቀዳዳውን መሐል በመምቻው ነጥብ ያድርጉበት፤ ነጥብ ከሌለው ፑንታው ይንሸራተታል። በባለ 3 ሚሊ ይጀምሩና በባለ 6 ሚሊ ይጨርሱ። ላሜራውን በእጅ ይዘው በፍጹም እንዳይበሱ። ፑንታው ከሥር ሊወጣ ሲል ብረቱን ይነክስና ይዞት ይሽከረከራል፤ የላሜራ ጠርዝ ደግሞ እጅ ይቆርጣል። ከሥሩ ጣውላ አድርገው ሁለቱንም አንድ ላይ ጠበቅ አድርገው ይሰሩ።

ሴጌቶ ኩርባ አይቆርጥም። መላው ይህ ነው፦ ከመስመሩ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ውጪ ሆነው በአጫጭር ቀጥታ መስመሮች ዙሪያውን ይቁረጡ። ለውስጠኛው ጉድጓድ በየ5 ሚሊ ሜትሩ ወደ መስመሩ የሚወርድ ቁርጥ ያስገቡና በመካከል የቀሩትን ጥርሶች በፒንሳ እያጠፉ ይስበሩ። ግራይንደር ካለዎት ሥራው ይፈጥናል፤ ብረቱ እንዳይግል ግን አረፍ እያሉ ይሥሩ፣ መነጽርም ያድርጉ።

4. ሁለቱን እንደ አንድ መሞረድ

የተቆረጡትን ሁለት እግሮች ደራርበው ብሎኑን በቀዳዳው ያስገቡና ያጥብቁ። ሌላውን ጫፍ በሞርሳ ይያዙ። አሁን ሁለቱን አንድ ብረት እንደሆኑ ቆጥረው እስከ መስመሩ ድረስ ይሞርዱ። ውስጠኛውን ኩርባ በግማሽ ክብ ሞረድ፣ ውጪኛውን በጠፍጣፋው። አብረው የተሞረዱ እግሮች ርዝመታቸው እኩል ይሆናል፤ ለየብቻ ቢሠሩ ግን ለማስተካከል ሲሉ ብረቱን ይጨርሱታል።

ሲጨርሱ ብሎኑን ፈተው አንደኛውን እግር ይገልብጡት። የነበሩት ሁለት ተመሳሳይ እግሮች አሁን የግራና የቀኝ ይሆናሉ።

ጠርዞቹን በሙሉ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ያለዝቡ። ጣትዎን ሲያሳልፉበት የሚነክስ ቦታ መቅረት የለበትም።

5. ጫፎቹን ፊት ለፊት ማገናኘት

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል። ሁለቱ እግሮች አንዱ በአንዱ ላይ ስለተደረቡ ጫፎቻቸው አንድ ደረጃ ላይ አይደሉም። ካሊፐሩን ዘግተው ከጎን ቢያዩት አንዱ ጫፍ ከሌላው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ ያለ ካሊፐር እንጨቱ ላይ ሲያርፍ ትንሽ ከዞረ ልኩ ይዛባል።

መፍትሔው እያንዳንዱን እግር በግማሹ ወደ ሌላው ማዘንበል ነው። የመጋጠሚያው ክብ ሙሉ በሙሉ በሞርሳው መንጋጋ ውስጥ ሆኖ እግሩ ብቻ ውጪ እንዲቀር ይሰሩት። ጫፉን በአውራ ጣትዎ ይዘው ወደ ሌላው እግር አቅጣጫ ቀስ ብለው ይግፉት። ጫፉ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከተንቀሳቀሰ ይበቃል። ሁለተኛውንም በተቃራኒው አቅጣጫ እንደዚሁ ያድርጉ። ክቡ ራሱ መታጠፍ የለበትም፤ ከታጠፈ መጋጠሚያው እኩል አይፋተግም።

ከዚያ ጫፎቹን ክብ አድርገው ይሞርዱ። ከየትኛውም በኩል ቢታዩ የክብሪት ራስ የመሰሉ፣ ማዕዘን የሌላቸው መሆን አለባቸው። በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ይጨርሱና ጥፍርዎ ላይ ጎተት አድርገው ይሞክሩ። ጥፍር የሚቧጭር ጫፍ እንጨትም ይቧጭራል።

6. መጋጠሚያውን መሥራት

የሁለቱን ክቦች ውስጠኛ ፊት ጠፍጣፋ ማድረግ ያስፈልጋል። የብርጭቆ ወረቀት በመስታወት ቁራጭ ላይ ዘርግተው ፊታቸውን እያሹ ሁሉም ቦታ እኩል እስኪያበራ ይቀጥሉ። መሐሉ ብቻ ወይም ጠርዙ ብቻ ካበራ ገና ነው።

ከጀሪካኑ ላይ የክቡን ስፋት የሚያክል ፕላስቲክ ቆርጠው መሐሉን በ6 ሚሊ ይብሱ። ብረት በብረት ላይ ሲሄድ እየነከሰና እያዳለጠ ይንቀሳቀሳል፤ ፕላስቲኩ ግን እንቅስቃሴውን እኩል ያደርገዋል። የአሮጌ ቀበቶ ቆዳም ይህንኑ ሥራ ይሠራል።

አገጣጠሙ በቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ብሎን፣ ሮንዴላ፣ አንደኛው እግር፣ ፕላስቲክ፣ ሁለተኛው እግር፣ ሮንዴላ፣ ዳዶ፣ ዳዶ። አንገቱ ላይ ጥርስ የሌለው ብሎን ካገኙ ይምረጡት፤ የብሎን ጥርስ ቀዳዳውን ቀስ በቀስ ይፍቀዋል። ዳዶው እስከ ታች ካልደረሰ ትርፉን ቦታ በሮንዴላ ይሙሉት።

የመጀመሪያውን ዳዶ እግሮቹ በሁለት እጅ ብቻ የሚከፈቱ እስኪሆኑ ያጥብቁ። ከዚያ እሱን በ10 ቁልፍ ይዘው ሁለተኛውን ዳዶ በላዩ ላይ ይቆልፉ። መጋጠሚያው ውስጥ ዘይትም ግራሶም አይግባ። ቢጮህብዎት ፕላስቲኩን ትንሽ ሰም ያስነኩት።

7. መፈተን

ሦስት ፈተና አለ።

አንደኛ፦ ካሊፐሩን በግማሽ ይክፈቱና አንዱን እግር ይዘው ሌላው ወደ ጎን እንዲዘረጋ በአየር ላይ ያቁሙት። ነፃው እግር በራሱ ክብደት ከወረደ ዳዶው ላልቷል።

ሁለተኛ፦ ጫፎቹን በባለ 10 ሚሊ ፑንታ ለስላሳ አንገት ላይ ያስተካክሉ፤ ነክቶ የሚያልፍ፣ የማይጨብጥ ይሁን። ከዚያ ካሊፐሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ያንሱት፣ ኪስዎ ውስጥ ከተው ያውጡት፣ እንደገና ፑንታው ላይ ይሞክሩት። ስሜቱ ካልተለወጠ መሣሪያው ለሥራ ደርሷል።

ሦስተኛ፦ ካሊፐሩን ይገልብጡና ከሌላው ወገን ያንኑ ፑንታ ይለኩ። ልዩነት ካለ ጫፎቹ ገና ፊት ለፊት አልተገናኙም፤ ወደ 5ኛው ደረጃ ይመለሱ።

8. ልክ መያዝ

ጠንካራ መጋጠሚያ ያለው ካሊፐር በጣት ሲገፉት አንዳንዴ ከሚፈለገው ያልፋል። ስለዚህ በጣት ወደ ልኩ ያቅርቡትና የቀረውን በመታ መታ ይጨርሱ። ጠበብ ማድረግ ሲፈልጉ የአንዱን እግር ውጪኛ ጎን በጠረጴዛው እንጨት ላይ ቀስ አድርገው ይምቱት። ሰፋ ማድረግ ሲፈልጉ መጋጠሚያውን ወደ ታች አዙረው ራሱን ይምቱት። አንድ ምት የፀጉር ያህል ያንቀሳቅሰዋል።

ሲለኩ ካሊፐሩን አይጫኑ። እግሮቹ ቀጫጭን ስለሆኑ ቢገፏቸው ከፈት ብለው በወፍራም እንጨት ላይም ያልፋሉ፤ እርስዎም ልኩ ደረሰ ብለው ይታለላሉ። ትክክለኛው ልክ ካሊፐሩ በራሱ ክብደት ብቻ፣ ጥቂት እየነካ ሲወርድ ነው።

9. ቶርኖው ላይ

ናሙናውን እግር ይውሰዱና ወፍራሙን፣ ቀጭኑንና ለመሰኪያ የሚሆነውን ቦታ ይለዩ። ርቀታቸውን በቀጭን ጣውላ ላይ ያስምሩና ጣውላውን ወደ እያንዳንዱ አዲስ እንጨት እየወሰዱ ምልክቱን ያስተላልፉ። ካሊፐሩን ከናሙናው 1 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርገው ይያዙ፤ ይህ በመጨረሻ በመሮና በብርጭቆ ወረቀት የሚሄደው ነው። አሁን በየምልክቱ ላይ በቀጭን መሮ ቀጥ ያለ ቦይ ያውርዱ። ማሽኑን ያቁሙ፣ ይለኩ፣ ያስነሡ፣ ትንሽ ይጨምሩ፣ እንደገና ያቁሙ። ካሊፐሩ ቦዩ ውስጥ ወርዶ ካለፈ ቁፋሮው አበቃ። ሁሉም ቦዮች ሲያልቁ በመካከላቸው ያለውን ኩርባ በነፃ እጅ ያገናኙታል።

ልምድ ያላቸው ሰዎች ማሽኑን ሳያቆሙ ካሊፐሩን ከኋላ በኩል ቦዩ ላይ አሳርፈው መሮውን ሲነዱ ሊያዩ ይችላሉ። ለጀማሪ አይመከርም። የሚሠራውም እንጨቱ ሙሉ በሙሉ ክብ ከሆነ፣ ስንጥቅና ጉብታ ከሌለው፣ የካሊፐሩም ጫፍ ሙሉ በሙሉ ከለሰለሰ ብቻ ነው። ባዶ ሆድ ባለው ዕቃ፣ ማለትም በሙቀጫና በገበቴ ውስጥ፣ እንጨቱ እየዞረ ካሊፐር ማስገባት ለማንም አይፈቀድም።

10. ለገበቴና ለሙቀጫ፦ ባለ ሁለት አፉ

የመጀመሪያው ከተሳካልዎት ሁለተኛውን ይሥሩ። የገበቴ ግድግዳ ምን ያህል እንደሳሳ ለማወቅ ካሊፐሩን አስገብተው ቢለኩ፣ ሲያወጡት ጠርዙ ወፍራም ከሆነ መክፈት ግድ ይሆናል፤ ልኩም ይጠፋል። ባለ ሁለት አፍ ካሊፐር ይህን ይፈታል። መጋጠሚያው መሐሉ ላይ ነው፤ አንዱ አፍ ግድግዳውን ሲይዝ ሌላው አፍ ውጪ ላይ ያንኑ ያህል ይከፈታል። እርስዎ የሚለኩት የውጪውን ነው።

24 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም መስመር ያስምሩና መሐሉን ያመልክቱ። ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር በሆነ ትንሽ ሳህን በላይኛው ግማሽ ወደ ግራ፣ በታችኛው ግማሽ ወደ ቀኝ የሚለጠጥ ኩርባ ይሳሉ። ጠመዝማዛ ቅርጽ ይወጣል። ሁለት ተመሳሳይ ቆርጠው፣ እንደ መጀመሪያው አብረው ሞርደው አንዱን ይገልብጡ። መሐል ላይ ሲያያይዟቸው ከላይና ከታች ሁለት ክብ አፎች ይፈጠራሉ።

እዚህ ላይ የቀዳዳው ቦታ ሁሉንም ይወስናል። ከቀዳዳው ወደ አንዱ አፍ 12፣ ወደ ሌላው 11.5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ግድግዳ በአጭሩ በኩል 9.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ይታያል። ካሊፐሩን ሲዘጉ በሁለቱም በኩል ጫፎቹ በአንድ ጊዜ መነካካት አለባቸው። አንዱ ወገን ቀድሞ ከተነካካ ከዚያው ወገን ጥቂት ሞረድ ያድርጉ፤ ሌላውም ይዘጋል። በመጨረሻ በአንዱ አፍ የባለ 10 ሚሊ ፑንታ አንገት አስይዘው ሌላውን በማስመሪያ ይመልከቱ።

አያያዝ

እግሮቹን አልፎ አልፎ ዘይት በነካ ጨርቅ ይጥረጉ፤ መጋጠሚያው ግን ደረቅ ይሁን። ጥሬ የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ከሠሩ ወዲያው ያድርቁት። የእንጨቱ እርጥበት ብረት ሲነካው ይጠቁራል፣ ካሊፐሩንም ያዝገዋል። ፕላስቲኩ ሲያረጅ ከዚያው ጀሪካን ሌላ ይቁረጡ።

ብረቱ ከቅራፊ ስለተገኘ አንድ ላይ አያቁሙ። አንድ የበርጩማ እግር ቢያንስ ሦስት የተለያየ ውፍረት አለው። አንድ ካሊፐር ብቻ ያለው ሰው በእያንዳንዱ እግር ላይ ሦስት ጊዜ ልክ ይለውጣል፤ ስሕተት የሚገባውም በዚያ መለዋወጥ ላይ ነው። ሦስት ካሊፐር ሠርተው መጋጠሚያቸውን በተለያየ ቀለም ይቀቧቸው፦ ቀዩ ለወፍራሙ፣ ቢጫው ለቀጭኑ፣ ሰማያዊው ለመሰኪያው። አራተኛው እግር ከማሽኑ ላይ እስኪወርድ ድረስ የአንዳቸውንም ልክ አይንኩ።